ስለ ደጋ መንደር ኑሮ፤ በቦረናና በሳይንት አገር

መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ የሩቅ አገር ወንዝና ከተማ ስም ይማራል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አባቱ የሚያርሰው መሬት ከአያቱ መሬት ስለ ምን እንዳነሰ፤ የመንደሩም ምንጭ በበጋ ስለ ምን እንደሚጐድል ቢጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝበትም። አገርን ማወቅ ከደጃፍ ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ደጋ መንደር ኑሮ ምን እንደሚመስልና መንደሩን የሚያሠጋው ነገር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳለን።

በማሻና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው አገር የሚገኘው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወገን ነው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የለጋምቦን ቀዝቃዛ ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከተማዪቱ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። በስተ ሰሜን ሳይንት አለ፤ በዚያም በጥንታዊነቱ የታወቀው የተድባበ ማርያም ደብር ይገኛል። በሊቃውንቱ ትውፊት ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብበት እንደ ነበር ይነገራል። በስተ ምዕራብ የዐባይ ሸለቆ ነው፤ ከሸለቆውም ማዶ ጎጃም ይታያል።

ይህ አገር እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። ከላይ የደንቆሮ ተራራ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አስታና ጅብራ፤ ጓሳም የሚባለው ሣር ይበቅልበታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ገብስ፤ ስንዴ፤ ባቄላና አተር የሚዘራበት ደጋ አለ። ቀጥሎም የጤፍ አገር ወይና ደጋው ነው። በመጨረሻም ወደ ዐባይ የሚወርደው ቆላ ማሽላ ያበቅላል። ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ ዐባይ ውሃ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የደገኛውና የቆለኛው ሰው በገበያ ቀን ተገናኝቶ አንዱ የሌለውን ከሌላው ይሸምታል።

የደጋው መንደር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳቸው ድንጋይ ወይም እንጨትና ጭቃ ነው። የቀደመው ክዳን ሣር ነበረ፤ ዛሬ ግን ቆርቆሮ በዝቶአል። በመንደሩ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጐራብቶ ይኖራል፤ እርሻ የሚያርሰው አንድ ላይ ነው፤ ውሃም የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ ቀባሪውንም ሐዘንተኛውንም የሚረዳ ይህ ማኅበር ነው። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ሰው በደቦ ወይም በወንፈል ይጠራራል። ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔውም ከፈትሉ ባና ይሠራል፤ ያለ ባና የደጋ ሌሊት አይታደርም።

የደጋው ገበሬ ሁለት ዝናም ይጠብቃል። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምትም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በልግ የቀረ እንደ ሆነ የገብሱ መከር ይጠፋል፤ ለክረምቱም እርሻ በሬው ይከሳል። ክረምቱ ደግሞ ፈጥኖ ካለቀ ወይም ውርጭ ከወደቀ ሁለተኛው መከር ይጐዳል። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን የረኃብ መከራ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። መንሥኤው የዝናም መቅረት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ አስቀድሞ ደክሞ፤ ጎተራውም ባዶ ሁኖ ነበርና ሰው የሚይዘው ነገር አጣ።

የመሬቱ ድካም እንዴት እንደሚመጣ እንመልከት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኛም ከጌታ ነፃ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው በዛ፤ መሬቱ አልበዛም። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ማሳው እየጠበበ ሄደ። የጠበበ ማሳ ያለው ሰው መሬቱን አያሳርፍም፤ ገደሉንም ያርሳል። ዱር ስለ ተመነጠረ ማገዶ ታጣ፤ ማገዶም ሲታጣ ለማሳው ይገባ የነበረው ፍግ ኩበት ሁኖ ነደደ። ፍግ ያጣ መሬት ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ አይጸናም። ዐፈሩ ወደ ዐባይ ይወርዳል፤ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለውና በ2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብም ደለል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንዱ ጉዳት ሌላውን እንደሚወልድ አስተውሉ። ጎርፍ በአንድ ቀን የሚወስደውን ዐፈር ፍጥረት የሚተካው በመቶ በሚቈጠር ዓመት ነው።

እንዲህ ያለው መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። በኢንዶኔዥያ አገር ጃዋ የምትባል ደሴት አለች፤ ከደሴት ሁሉ ሕዝብ የበዛባት እርስዋ ናት። በዚያ ዲዬንግ በሚባለው ደጋ ገበሬዎች ድንች ለመትከል ተራራውን እስከ ጫፉ ስላረሱት ዐፈራቸው በጎርፍ እየታጠበ አስቸግሮአቸዋል። ሃይማኖትና ቋንቋ ቢለይም የቁልቁለት መሬት ሕግ አንድ ነው።

በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ የተረፈ ሀብት ነው። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሁኖ ተከለለ፤ ኋላም ስሙ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተባለ። በዚያ ጽድ፤ ወይራና ኮሶ ይገኛሉ፤ ጭላዳና ድኩላም ይኖራሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚደነቀው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ ቍጥሩም በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ስለ ሆነ ለገብስ ገበሬ ወዳጅ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ግልገል ይነጥቃል። የበግ እረኛ፦ ልጆቼ ሳይጠግቡ ግጦሽና እንጨት ለምን ተከለከልሁ ቢል ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ጫካው ካለቀ በኋላ ግጦሹም እንጨቱም ምንጩም አብረው ያልቃሉ የሚል ነው። ስለዚህ ከልካዩ ክፍል ሣሩ የሚታጨድበትን ወራትና ልክ ከነዋሪው ጋር ተማክሮ ቢወስን ጥበቃው ይጸናል።

መምህር ሆይ፤ ይህን ትምህርት ያለ ብዙ ወጪ ማሳየት ትችላለህ። ዝናም በዘነበ ቀን ከታረሰ ገደል የሚወርደውን ጎርፍ በአንድ ብርጭቆ፤ ከሣር ወይም ከዛፍ ሥር የሚወርደውን በሌላ ብርጭቆ አስቀዳና እስከ ማግሥቱ አስቀምጥ። ልጆች ከታች የረጋውን ዐፈር በጣታቸው ይለኩ። ዳግመኛ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድና በመስጊድ ወይም በመቃብር ስፍራ የተረፉትን የአገር ዛፎች ስማቸውን ይጻፉ፤ መንደሩ ቀድሞ ምን ለብሶ እንደ ነበረ ከእነዚያ ይታወቃል።

ሽማግሌዎችም ሆይ፤ የጫካው ዳር በልጅነታችሁ የት እንደ ነበረ፤ የትኛውም ምንጭ እንደ ደረቀ ለልጆች ንገሩ፤ እነርሱም ይጻፉት። ገደሉን በእርከን መያዝ፤ የፈሰሱን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማጋደም፤ ባሕር ዛፍን ከምንጭና ከእርሻ አርቆ መትከል፤ በምንጩም ራስ የአገር ዛፍ መትከል ከመንደሩ ኃይል በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። የአያት ማሳ በመካፈል ቢጠብ ግድ ነው፤ በጎርፍ ታጥቦ እንዲያልቅ ዝም ብሎ ማየት ግን የእኛ ጥፋት ነው።