ተጨማሪ መረጃ፦ ቀድሞ የደረሰ እርዳታ እንዴት ይመዘናል?
በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ብዙ ቤተሰቦች ተከዜን ተሻግረው ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። በርካቶቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረኃብም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ በምግብ እጥረት የተጎዳን ሕፃን ቀድሞ ለመለየት የላይኛው ክንድ ዙሪያ ይለካል። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ሕክምናው ለነገ አይባልም።

የሕክምና አገልግሎቱ ራሱስ በምን ይለካል? ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ከሕክምናው ከወጡት ሕፃናት ያገገሙት ከ75 በመቶ እንዲበልጡ፣ የሞቱት ከ10፣ ያቋረጡት ከ15 በመቶ እንዲያንሱ ይጠይቃል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚያሳዩት የተመዘገበውን ሕፃን ብቻ ነው። በመጠለያ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው መለኪያ ሽፋን ነው፦ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ መድረስ። ይህን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አይበቃም፤ ድንኳን ለድንኳን መዞር፣ ያቋረጠችውን እናትም ምክንያቷን መጠየቅ ያስፈልጋል። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ በአጨዳ ወቅት የቀን ሥራ የወጣች እናት በቀጠሮዋ ቀን ላትገኝ ትችላለች። ያኔ መቀየር ያለበት የቀጠሮው ሰዓት ነው።