የመሞት ጥያቄና የማስገደድ ጥበቃ፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የመዳን ተስፋ የሌለው ታማሚ ሕይወቱን የሚያሳጥር መድኃኒት እንዲታዘዝለት ማመልከቻ ሲፈርም ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ፣ ወራሽ ወይም ታማሚው የተኛበት ተቋም ባለቤትም ሆነ ሠራተኛ መሆን አይችልም። የሚያክመው ሐኪም ደግሞ ጭራሽ ምስክር አይሆንም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ማንን እንደፈሩ ከዚህች አንቀጽ ይነበባል፦ ውርስ የቸኮለ ልጅን፣ አልጋ ማስለቀቅ የሚፈልግ ተቋምን፣ ታማሚውን በሥልጣኑ የሚያሳምን ሐኪምን።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። በዚህ ፍርሃት ዙሪያ የሚነገረው ነገር ግን ከሁለቱም ወገን የተጋነነ ነው። አንዱ ወገን ሕጉ ለአረጋውያን የሞት ፍርድ ነው ይላል፤ ሌላው ፎርሙ በትክክል ከተሞላ ማንም አይገደድም ይላል። ሕጎቹን ቀርቦ ያነበበ ሰው ከሁለቱም ጋር አይስማማም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቤተሰብ ከወሰነ ይበቃል»

ይህ በብዛት የሚሰማው ስሕተት ነው። በኦሪገን፣ በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያና በኒውዚላንድ ልጅ ስለ እናቱ፣ ሚስት ስለ ባሏ መጠየቅ አይችሉም፤ የውክልና ሥልጣን የያዘ ሰውም እንዲሁ። ጠያቂው ራሱ ታማሚው ነው፤ በጠየቀበት ጊዜ አእምሮው መወሰን የሚችል መሆን አለበት። በሽታው በ6 ወር ውስጥ ለሞት እንደሚያደርስ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ መርምረው ማረጋገጥ አለባቸው። ቪክቶሪያ በ2017 ሕጓ እንደ ሞተር ነርቭ ላሉ የነርቭ በሽታዎች ይህን ገደብ ወደ 12 ወር ከፍ አድርጋለች። በነዚህ ቦታዎች ዕድሜ ብቻውን ወይም አካል ጉዳት ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ኔዘርላንድ ለየት ትላለች፤ የ2002ቱ ሕጓ በጤና ጊዜ የተጻፈን ኑዛዜ መሰል ጥያቄ በመርሳት በሽታ ለተያዘ ሰው ጭምር ይቀበላል። ለዚህም ነው ክርክሩ እዚያ የበረታው።

ከዚህ ጋር ተምታቶ የሚነገር ሌላ ነገር አለ። ሕይወት ማራዘሚያ ሕክምናን አልፈልግም ማለትና መሞቻ መድኃኒት መጠየቅ በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። በእስራኤል በ2005 የወጣው ሕግ ሊሞት የተቃረበ ሰው እንዲህ ዓይነት ሕክምና እንዳይጀመርለት መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ሕይወትን ለማጥፋት መርዳትን ግን ይከለክላል።

«ማስገደድን የሚቀጣ ሕግ የለም»

አለ፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በኦሪገን አንድን ሰው አስገድዶ ወይም ጫና አሳድሮበት መድኃኒቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ከከባድ ወንጀሎች ይመደባል። በቪክቶሪያ በማታለል ወይም አላግባብ ጫና በማድረግ ሰውን ለጥያቄ የገፋፋ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በእንግሊዝና ዌልስ የፓርላማ አባሏ ኪም ሌድቢተር ያቀረበችው ረቂቅ ለዚሁ ጥፋት እስከ 14 ዓመት እስራት፣ ሰውየው መድኃኒቱን እንዲወስድ ያደረገውን ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት የሚቀጣ ነበር። ስዊዘርላንድ በአንድ አንቀጽ ብቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖራለች፦ የወንጀል ሕጓ አንቀጽ 115 የሚቀጣው ራሱን ለሚያጠፋ ሰው ለግል ጥቅም ብሎ የረዳውን ወይም የገፋፋውን ነው።

የቅጣት አንቀጽ መኖሩና ወንጀሉ መገኘቱ ግን ይለያያሉ። በውርስ ጉዳይ እናቱን ዕለት ዕለት የሚያሳቅቅ ልጅ ምስክር አቁሞ አያደርገውም። ዋናዋ ምስክር ደግሞ ከሞተች በኋላ ቃሏን መስጠት አትችልም። ስለዚህ የእስራት ዓመቱ ከመርዘሙ ይልቅ ታማሚዋ በሕይወት ሳለች ማን፣ የት፣ እንዴት ጠየቃት የሚለው ይበልጥ ይመዝናል።

«ሕጉ ባይኖር ማስገደድም አይኖርም ነበር»

በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በ2014 አንዲት በጀርባ ሕመም የምትሠቃይ ሴት ሕይወቷን አጠፋች። ባሏ 1.4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በሚያወጡት የሕይወት መድን ውሎቿ ተጠቃሚ ነበር። በ2018 ፍርድ ቤት ሚስቱን ለሞት መክሯታል፣ ረድቷታልም ብሎ ጥፋተኛ አደረገው፤ 10 ዓመትም ተፈረደበት። ያኔ በግዛቲቱ በሕክምና የታገዘ ሞት ክልክል ነበር፤ የሚፈቅደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 መጀመሪያ ነው። ሴትየዋ ሞት የሚያስከትል በሽታ ስላልነበራት በአዲሱ ሕግም ቢሆን ብቁ አትሆንም ነበር።

ይህ ታሪክ ሕጉን ለሚደግፉ የድል ማስረጃ፣ ለሚቃወሙ ደግሞ የፍርሃታቸው ምሥክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በትክክል የሚያሳየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ማስገደድ ፈቃድ አይጠብቅም። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም የሚሠራው የ1961 ሕግ ራሱን ለሚያጠፋ ሰው የረዳን እስከ 14 ዓመት ይቀጣል። ዐቃቤ ሕጉ በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት የረዳው ሰው የተነሣሣው በርኅራኄ ብቻ መሆን አለመሆኑ ይጣራል። ማጣሪያው ግን የሚጀመረው ሟች ከሞተ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ማነሣሣትንና መርዳትን ይቀጣል።

«ፊርማ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል»

ቪክቶሪያ ሕጓን በ2017 ስታጸድቅ 68 የጥበቃ ድንጋጌዎች እንዳሉት በኩራት ተነግሮ ነበር። ከነዚህ አንዱ ሐኪም ጉዳዩን ራሱ እንዳያነሣ የሚከለክል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው የመጣ ሐሳብ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ሆኖም ይህ ክልከላ ሐኪሙን እንጂ አልጋው አጠገብ የተቀመጠውን ዘመድ አያግድም ነበር።

ከድንጋጌዎቹ ሁሉ የሚበልጠው በካሊፎርኒያ ሕግ ውስጥ ያለች አጭር ግዴታ ናት። ከ2016 ጀምሮ በሚሠራው በዚያ ሕግ መሠረት ሐኪሙ ጥያቄው ከማንም ጫና የመጣ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያለበት ታማሚውን ለብቻው አነጋግሮ ነው። ባል ይወጣል፤ ልጅ ይወጣል፤ ከአስተርጓሚ በቀር ማንም አይቀርም።

አስተርጓሚውስ ማን ነው? ይህ ለአማርኛ ተናጋሪዎች በቀጥታ የሚመለከት ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ዲሲ ሁሉም እንዲህ ዓይነት ሕግ አላቸው፤ ሁሉም የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ናቸው። በስተርጅና ልጆቻቸው ጋር የሄዱ እናቶችና አባቶች ሐኪም ቤት የሚገቡት በአብዛኛው ልጅ እያስተረጎመላቸው ነው። ለግፊት መለኪያና ለስኳር ቀጠሮ ይህ ብዙ ጣጣ ላያመጣ ይችላል። እዚህ ግን አፍ የሆነው ሰው ራሱ ወራሽ ሊሆን ይችላል፤ እናት «ደክሞኛል» ስትል «መሞት ትፈልጋለች» ብሎ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በክፋትም ባይሆን በድካም፣ በቃላት እጥረት ወይም ስቃይዋን ማየት አቅቶት። የካሊፎርኒያ ሕግ አስተርጓሚው በደምም በጋብቻም በጉዲፈቻም የማይዛመድ፣ ከውርሱ ድርሻ የሌለው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ፎርሙን በታማሚው ቋንቋ አንብቤለታለሁ ብሎም ይፈርማል። የቪክቶሪያ ሕግም ዘመድንና ወራሽን ከአስተርጓሚነት ያግዳል፤ የሙያ ዕውቅናም ይጠይቃል። ከ68ቱ ድንጋጌዎች ውስጥ ለአንዲት እንግሊዝኛ ለማትናገር አሮጊት ከዚህ የሚበልጥ ከለላ ያለው ጥቂት ነው። ቤተሰብ ስድብ መስሎት መቀየም የለበትም፤ እንዲያውም እንዲህ ዓይነት አስተርጓሚ እንዲቀርብ ቀድሞ ቢጠይቅ እናቱን አከበረ ማለት ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ ሌላ ጠቃሚ ነገር ጨምራለች። ሐኪሙ ታማሚውን አዘውትረው ከሚያዩት ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ጋር፣ ታማሚው ከፈቀደም ከቤተሰቡ ጋር፣ ተመካክሮ ጫና አለመኖሩን እንዲያጣራ ታዝዟል። ጫና ከጠረጠረ ሂደቱን በየትኛውም ደረጃ ላይ ማቆም ግዴታው ነው፤ ወንጀል እስኪረጋገጥ አይጠብቅም። በሁሉም ቦታ ታማሚው በማንኛውም ሰዓት ሐሳቡን መቀየር ይችላል። በኦሪገን ከ1997 እስከ 2023 መጨረሻ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው 4,274 ሰዎች መካከል ወስደውት መሞታቸው የተመዘገበው 2,847 ናቸው።

የኦሪገን ሕግ አንድ ትልቅ ክፍተት አለበት። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሚወሰድበት ሰዓት የጤና ባለሙያ እንዲገኝ አያስገድድም። ምስክር የተፈለገው ለወረቀቱ ነው፤ ለመጨረሻዋ ሰዓት አይደለም። ይህን ያህል ስለ ፊርማ የተጠነቀቀ ሕግ እዚህ ላይ ዝም ማለቱ አሳማኝ ምክንያት የለውም።

«አንዴ ከተፈቀደ ማቆሚያ የለውም»

በከፊል እውነት፣ በከፊል ሐሰት። ኦሪገን ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ የ6 ወር መስፈርቷን አልለወጠችም። የጥበቃ ጊዜን ግን አላልታለች፦ በሁለቱ የቃል ጥያቄዎች መካከል የነበረው 15 ቀን፣ ያን ያህል እንደማይቆዩ ለሚገመቱ ታማሚዎች ከ2020 ወዲህ ይነሣላቸዋል። ካሊፎርኒያም በ2022 15ቱን ቀን ወደ 48 ሰዓት አውርዳለች። ለሚሠቃይ ሰው እፎይታ ነው፤ ጫና ያለበት ሰው ግን ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ አጥሯል።

ካናዳ ከዚህ ርቃ ሄዳለች። በ2016 የፈቀደችው ሞቱ ለተቃረበ ሰው ነበር፤ በ2021 ሞቱ ላልተቃረበም ፈቀደች። በዚያው ማሻሻያ ሁለት የነበሩት ምስክሮች አንድ ሆኑ፤ በክፍያ የሚንከባከብ ሠራተኛም ምስክር መሆን ቻለ። በ2022 የቀድሞ ወታደሮችን የሚያገለግለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛው፣ እርዳታ ፍለጋ ለደወሉ የቀድሞ ወታደሮች ሳይጠየቅ ይህን አማራጭ እንዳነሣ አምኗል። በቪክቶሪያ ለሐኪም የተከለከለውን ነገር እዚህ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በስልክ አደረገው።

«ጫና ማለት የሌላ ሰው ጫና ብቻ ነው»

በዩታ ዩኒቨርሲቲዋ ፈላስፋ ማርጋሬት ባቲን የተመራና በ2007 የታተመ ጥናት የኦሪገንንና የኔዘርላንድን መረጃ መርምሮ አረጋውያን፣ ሴቶች ወይም የጤና መድን የሌላቸው ሰዎች ከሌላው በላቀ ቁጥር እንደሞቱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ተቃዋሚዎች ሊንቁት የማይገባ ግኝት ነው። ደጋፊዎች ደግሞ ሊዘነጉት የማይገባ ነገር አለ፦ ቁጥር የሚያሳየው ማን እንደሞተ ነው፤ በልቡ ምን እንደከበደው አያሳይም።

የኦሪገን ዓመታዊ ዘገባ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ሐኪሞች በ2023 ስለሞቱት ታማሚዎች ሲጠየቁ ከ100 ታማሚዎች ከ40 በላይ የሚሆኑት ለቤተሰብና ለተንከባካቢ ሸክም መሆን ያሳስባቸው እንደነበር መልሰዋል። ራስን ችሎ አለመኖር ከዚህም በላይ ተጠቅሷል። ለሥነ አእምሮ ምርመራ የተላከው ግን ከ100 1 ገደማ ብቻ ነው፤ ሕጉ ይህን ምርመራ የሚያዘው ሐኪሙ የማመዛዘን ችሎታቸውን ያወከ ሕመም ሲጠረጥር ስለሆነ። ሸክም ነኝ ብሎ ማሰብ ደግሞ በሽታ አይደለም። ልጆቹን የሚወድ አባት ሁሉ ሊያስበው ይችላል።

የእንግሊዝ ክርክር የደረሰው እዚህ ላይ ነበር። ጁን 20 ቀን 2025 የታችኛው ምክር ቤት ረቂቁን በ314 ለ291 አሳልፎ ወደ ጌቶች ምክር ቤት ላከው። በመጀመሪያው ረቂቅ እያንዳንዱን ጥያቄ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ያጸድቅ ነበር፤ ኋላ ቦታውን የሕግ ባለሙያ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያሉበት ቡድን ወሰደ። ለውጡ የተነቀፈው ዳኛን አስወጣ ተብሎ ነው፤ ሆኖም የቤት ውስጥ ጫናን ማየት የለመደው ከዳኛው ይልቅ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ረቂቁን ባለበት ሁኔታ እንደማይደግፍ አስታውቋል።

ረቂቁ ሕግ ቢሆን ቡድኑ ፊት የምትቀርብ አንዲት እናት ግን ሌላም ሒሳብ ይዛ ትመጣለች። በእንግሊዝ ሕክምና ነጻ ቢሆንም የአረጋውያን እንክብካቤ ነጻ አይደለም፤ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። መንከባከቢያ ቤት የገባች ብቸኛ ሴት ቤቷም በዚህ ሒሳብ ሊገባ ይችላል። አልጋዋ ላይ በቆየች በእያንዳንዱ ወር ለልጆቿ የምትተወው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።