ለኒውትሪኖና ለሙዮን ጥናት የታቀዱ የቅንጣት ማፍጠኛዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ መጠነ ቁሱ እጅግ አነስተኛ የሆነና ከሌላ ቁስ ጋር እምብዛም የማይጋጭ ቅንጣት በመሆኑ፣ መኖሩን ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 በግምት ካስቀመጠ በኋላ በሙከራ እስኪረጋገጥ ድረስ 26 ዓመት ፈጅቷል። ሙዮን በበኩሉ በባሕርዩ ኤሌክትሮንን የሚመስል፣ ሆኖም መጠነ ቁሱ ከኤሌክትሮን 207 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ቅንጣት ሲሆን፣ ባለበት ረግቶ ቢቆይ አማካይ ዕድሜው 2.2 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ የጥናት መስክ ያገናኛቸው የልደታቸው ትስስር ነው፤ ፓዮን የተባለው ቅንጣት ሲፈርስ ሙዮንና ኒውትሪኖ አብረው ይወጣሉ፣ ሙዮኑም በተራው ሲፈርስ አንድ ኒውትሪኖና አንድ ፀረ ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን ጋር ይለቃል።

መስኩ ዛሬ ላለበት ደረጃ የበቃው፣ በጃፓን የሚገኘው ሱፐር ካሚዮካንዴ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የካናዳው የሰድበሪ ቤተ ሙከራም ጥቂት ቆይቶ፣ ሦስቱ የኒውትሪኖ ዓይነቶች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጡ በማሳየታቸው ነው። መለወጥ የሚችሉት ደግሞ መጠነ ቁስ ካላቸው ብቻ በመሆኑ፣ ኒውትሪኖን መጠነ ቁስ አልባ አድርጎ ይቆጥር የነበረው ንድፈ ሐሳብ መሻሻል ግድ ሆኖበታል። ከቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት የሚሰጠው ኒውትሪኖና ፀረ ኒውትሪኖ በአንድ ዓይነት መንገድ ይለወጣሉ ወይስ አይለወጡም የሚለው ነው፤ ልዩነት ከተገኘ፣ ዩኒቨርስ በቁስ ተሞልቶ ፀረ ቁስ የጠፋበትን ምክንያት ለመፈለግ አንድ ጠንካራ ፍንጭ ይሆናል።

የኒውትሪኖ ጨረር የሚሠራው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። የተፋጠኑ ፕሮቶኖች ከግራፋይት ጋር ይጋጫሉ፣ ከግጭቱ የሚወጡትን ፓዮኖች ቀንድ መሰል ማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባቸዋል፣ ከዚያም ፓዮኖቹ በረጅም ቧንቧ ውስጥ ሲጓዙ ይፈርሳሉ፤ ከኒውትሪኖ በቀር የቀረውን ሁሉ ብረትና ዐለት ያስቀረዋል። በማግኔቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አቅጣጫው ሲገለበጥ ጨረሩ በአብዛኛው ፀረ ኒውትሪኖ ይሆናል። የዘዴው ድክመት ያልተፈለጉ የኒውትሪኖ ዓይነቶች በጥቂቱም ቢሆን መቀላቀላቸው ነው።

በዚሁ መንገድ ከታነጹት ዕቅዶች ሁለቱ ግንባር ቀደም ናቸው። በአሜሪካ የዱን ሙከራ በኢሊኖይ ከሚገኘው ፌርሚላብ የሚነሣውን ጨረር 1,300 ኪሎ ሜትር በምድር ውስጥ አሳልፎ፣ በሳውዝ ዳኮታ በቀድሞው የሆምስቴክ ወርቅ ማውጫ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይቀበለዋል። ሬይ ዴቪስ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን በመቁጠር ለኖቤል ሽልማት የበቃው በዚሁ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ባካሄደው ሙከራ ነበር። ዕቅዱ እያንዳንዳቸው 17,000 ቶን ፈሳሽ አርገን የሚይዙ አራት ግዙፍ ዳሳሾችን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የዋሻዎቹ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተጠናቋል። የጃፓኑ ሃይፐር ካሚዮካንዴ ግን 260,000 ቶን ያህል ንጹሕ ውኃ በሚይዝ ጋን ላይ የተመሠረተ ሆኖ፣ ከቶካይ የሚላክለትን ጨረር በ295 ኪሎ ሜትር ርቀት ይጠብቃል፤ ኒውትሪኖ ከውኃው ጋር ሲጋጭ የሚፈጠሩት ፈጣን ቅንጣቶች የሚፈነጥቁትን ደካማ ሰማያዊ ብርሃን በጋኑ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ዳሳሾች ይለቅሙታል። የርቀቱ ልዩነት ጥቅም አለው፤ ረጅሙ የምድር ውስጥ ጉዞ የሦስቱን ኒውትሪኖዎች መጠነ ቁስ ቅደም ተከተል ለመለየት ይረዳል፣ አጭሩ ደግሞ የቁስና የፀረ ቁስ ልዩነትን ምድር ራሷ ከምታሳድረው ተጽዕኖ ነጥሎ ለመለካት ያመቻል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ብቻ ማየት ስሕተት ነው። በስዊድን ሉንድ የሚገነባውን ኃይለኛ የፕሮቶን ማፍጠኛ ለተመሳሳይ ዓላማ ለመጠቀም የቀረበው ሐሳብ ገና በጥናት ላይ ይገኛል።

ከፓዮን ከሚገኘው የሚሻለው የኒውትሪኖ ጨረር የሚገኘው ከራሱ ከሙዮን ነው። ሙዮኖች ቀጥ ያሉ ጎኖች ባሉት ቀለበት ውስጥ እንዲዞሩ ቢደረግ፣ ሲፈርሱ የሚለቁት የኒውትሪኖ ዓይነትና መጠን አስቀድሞ በትክክል ይታወቃል፤ የኒውትሪኖ ፋብሪካ የሚባለው ዕቅድ ይህ ነው። ችግሩ ሙዮኖች ሲወለዱ በየአቅጣጫው የተበተኑ በመሆናቸው፣ ዕድሜያቸው ሳያልቅ ወደ ጠባብ ጨረር መሰብሰብ ያለባቸው መሆኑ ነው። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ማቀዝቀዝ ይባላል፤ ሙዮኖቹ እንደ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ባለ ቀላል ቁስ ውስጥ ሲያልፉ በሁሉም አቅጣጫ ያላቸውን ግፊት ያጣሉ፣ የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ወደፊት የሚገፋውን ብቻ መልሶ ይተካላቸዋል። በእንግሊዝ ራዘርፎርድ አፕልተን ቤተ ሙከራ የተካሄደው ማይስ የተሰኘ ሙከራ፣ ቁሱ ውስጥ ያለፈው ጨረር በእርግጥ እንደሚሰበሰብ ሙዮኖችን አንድ በአንድ በመለካት አሳይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትሟል፤ የጠፋውን ግፊት የመተካቱ ክፍል ግን በዚህ ሙከራ አልተካተተም።

ይኸው ዘዴ ከሠራ ሙዮንን ከፀረ ሙዮን ጋር የሚያጋጭ ማፍጠኛ መሥራት ይቻላል። ኤሌክትሮን በቀለበት ሲዞር ጉልበቱን በጨረር መልክ ያባክናል፤ ሙዮን ግን ከባድ በመሆኑ ብክነቱ ከአንድ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል፣ በመሆኑም በሰርን አስተባባሪነት የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን 10 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ግጭትን ዓላማው አድርጎ ይዟል። በዚያ ጉልበት ከሚፈርሱት ሙዮኖች የሚወጡት ኒውትሪኖዎች ራሳቸው ከቀለበቱ ርቆ መሬት ላይ ለሚደርስ ጨረራ ምንጭ ስለሚሆኑ፣ የቀለበቱ ጥልቀትና የጨረሩ አቅጣጫ ከወዲሁ ይጠናል።

የአሜሪካ ቅንጣት ፊዚክስ ዕቅድ አውጪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ለሙዮን ማጋጫ ምርምር ድጋፍ እንዲሰጥ መክሯል። ሆኖም ሙሉው የማቀዝቀዝ ሂደት፣ ግፊትን ከመተካቱ ጋር፣ በአንድ ማሳያ ተቋም ተሠርቶ እስኪታይ ድረስ ለግንባታው ቀን መቁረጥ አያስኬድም፤ ከቀለበቱ ንድፍ በፊት ገንዘብ ሊመደብለት የሚገባው ይህ ማሳያ ነው።