ሰምና እርሳስ፦ አንድ የአረር መጭመቂያ ያስተማረኝ
(በሮቤ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ጦር ጀብዱ አልናገርም። የምናገረው ሁለት ጠጣር አካላት እየተፋተጉ በሚያልፉበት ቀጭን ወሰን ላይ ስለሚሆነው ነገር ነው። በምሕንድስና ትምህርት ይህን ወሰን የምናጠናው በተሽከርካሪ ሞተርና በማሽን ኩሽኔታ ነው። እኔ ግን በሚገባ የተረዳሁት በቤት ውስጥ ከቀለጠ እርሳስ በሚሠራ አረር ነው። ትምህርቱ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ዋጋውንም በንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ከጎባ ልጀምር። አያቴ በቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድ ውጅግራ ሰቅለው ይኖሩ ነበር። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። ፈረንሳይ ይህን ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ለሠራዊቷ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌበልን ስትይዝ ውጅግራ ከአገልግሎት ወጣ። በዚህም ምክንያት እጅግ ብዙ ጠመንጃ በነጋዴዎች እጅ ገብቶ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፎች በኩል ወደ ሀገራችን ፈለሰ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች መካከልም ውጅግራ አንዱ ነበር። ጥይቱ ከጦር ሜዳ ውጭም ሥራ ነበረው፤ በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በመገበያያነት አገልግሏል።

የውጅግራ አረር ሙሉ በሙሉ እርሳስ ነው፤ ክብደቱ 25 ግራም ያህል ነው። ዙሪያው በወረቀት የተጠቀለለ ሲሆን፣ በአረሩና በባሩዱ መካከል ሰም ያለበት ማለስለሻ ይቀመጥ ነበር። የእንግሊዞቹ ሰናድርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር የያዘው ጠመንጃ አረር በጎኑ ላይ ቀለበት መሰል ቦዮች ነበሩት፤ ቦዮቹም በንብ ሰም የተሞሉ ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በበርሜል ውስጥ ከሰከንድ ክፍልፋይ በላይ ለማይቆይ እርሳስ ሰም ለምን አስፈለገው?

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሰበቃ ነው። እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል። በብረት በርሜል ውስጥ በኃይል ሲገፋ ከላዩ እየተፋቀ በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ማሸግ ነው። የበርሜሉ ውስጥ ጥምዝ ቦዮች አሉት። አረሩ እነዚህን ቦዮች ሞልቶ ካልገጠመ፣ ከኋላው የሚነድደው ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ያ ጋዝ ከእርሳስ መቅለጫ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ስላለው የአረሩን ጎን እንደ ችቦ ይልሰዋል፤ የተላሰው እርሳስም በርሜሉ ላይ ይጋገራል። አሥር ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ የበርሜሉ መልክ ተለውጦ ኢላማው ይጠፋል። በቦዮቹ ውስጥ ያለው ሰም በግፊት እየወጣ ሰበቃውን ይቀንሳል፣ ክፍተቱንም ይዘጋል። ይሁን እንጂ ልኩ ያልገጠመን አረር ሰም ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ማለስለስና መጠን ማስተካከል የማይነጣጠሉ ሥራዎች ናቸው።

የማለስለሻው ዓይነትም ቀላል ጉዳይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ የተነሣው ታላቅ ዓመፅ አንዱ መነሻ የኤንፊልድ ጥይት በላምና በአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚለው ወሬ ነበር። ጥይቱ በጥርስ ተነክሶ ስለሚከፈት ነገሩ የሂንዱውንም የሙስሊሙንም ሕሊና የሚነካ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሞራው እየቀነሰ የንብ ሰም እየበዛ ሄደ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በባሌ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻንም። ሰም ለማንም ነውር የለውም። በሐረና ጫካ ዛፎች ላይ የሚሰቀሉትን ቀፎዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። ለከፍተኛ ትምህርት በአሜሪካ ሚኒሶታ በነበርሁበት ጊዜ አንድ አሮጌ ውጅግራ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። በዚያ ሀገር ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ስለሚቆጠር መግዛቱ ሕጋዊ ነው። የአያቴን ግድግዳ አስታውሼ ገዛሁት። ጥይቱ ግን በመደብር የሚገኝ አልነበረም፤ አረሩን ራሴ እያቀለጥሁ መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የተጠቀምሁት ቀላሉን የሳህን ዘዴ ነበር። አረሮቹን በዝርግ ሳህን ላይ አቁሜ፣ የቀለጠ ሰም ቦዮቻቸው እስኪሸፈኑ አፈስስባቸዋለሁ። ሰሙ ሲረጋ እያንዳንዱን አረር አፉ ክፍት በሆነ ቱቦ እንደ ብስኩት ቆርጬ አወጣዋለሁ። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ እጅ ይለጠልጣል፤ አንዳንዱ ቦይ ሳይሞላ ይቀራል። ነገር ግን አረሩ ከቅርጹ የወጣበትን ስፋት እንደ ያዘ ይቆያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የማለስለሻና የመጠን ማስተካከያ መጭመቂያ ገዛሁ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ረጅም ታሪክ አለው፤ ጆን ባርሎው በ1880ዎቹ ያቋቋመውና በኋላ በ1925 ወደ ላይማን የተዛወረው አይዲያል የተባለ ድርጅት በስፋት አሳውቆታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አረሩ በተጠነቀቀ ልክ የተሞረደ ቀዳዳ ባለው ዳይ አፍ ላይ ይቀመጣል። እጀታው ሲወርድ ከላይ ያለው መግፊያ አረሩን ወደ ዳዩ ይጫነዋል፤ በዚህ ጊዜ ትርፉ ስፋት ተጨምቆ አረሩ ክብና እኩል ይሆናል። በዳዩ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከጎን ባለው ጎተራ ውስጥ በጥርሳም ዘንግ የሚገፋ የሰም ዱላ አለ፤ ግፊቱ ሰሙን በቀዳዳዎቹ አሳልፎ ወደ አረሩ ቦዮች ያስገባዋል። እጀታው ሲነሣ የተለካና የተቀባ አረር ይወጣል። የአንድ ምሽት ሥራ በግማሽ ሰዓት አለቀ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በመጀመሪያው ተኩስ በርሜሉ በእርሳስ ተጋገረ። በሳህን ዘዴ ያልገጠመኝ ችግር በትክክለኛው መሣሪያ ገጠመኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ በበርሜሉ ውስጥ ገፍቼ አሳለፍሁና በማይክሮ ሜትር ለካሁት። የገዛሁት ዳይ በመጽሐፍ በተጻፈው ልክ የተሠራ ነበር፤ መቶ ዓመት ያለፈው በርሜሌ ግን ከመጽሐፉ ሰፋ ይል ነበር። የተለመደው መመሪያ አረሩ ከበርሜሉ የቦይ ስፋት በ0.025 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲበልጥ ነው። እኔ ግን ቀድሞ በዕድል ይገጥም የነበረውን አረር ጨምቄ አሳንሼዋለሁ። መጭመቂያው ስሕተቴን አላረመውም፤ በሁሉም አረሮች ላይ እኩል አደረገው እንጂ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ወጥነትና ትክክለኛነት አንድ አይደሉም። መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት የምትገጥሙበትን ነገር ለኩ።

ሁለተኛው ችግር ከብርድ የመጣ ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከዚያ በታች ግን ድንገት ከፈሳሽ ወደ ድንጋይ አይለወጥም፤ እየጠጠረ ይሄዳል። በሚኒሶታ ክረምት ንጹሕ ሰም ከጎተራው አልወጣ አለ። ዘንጉን አብዝቼ አጠበቅሁት። ክፍሉ ሲሞቅ የታመቀው ግፊት ሰሙን በአረሩ መቀመጫ ሥር ገፍቶ አወጣው። ያ ቅባት ከባሩድ ጋር ቢነካካ ባሩዱን ያበላሻል። መፍትሔው ኃይል መጨመር አልነበረም፤ ሰሙን ከለስላሳ ቅባት ጋር ማዋሐድና መሣሪያውን በመጠኑ ማሞቅ ነበር። በብዙዎች ዘንድ የታወቀው ቅልቅል ግማሽ የንብ ሰምና ግማሽ አሎክስ የተባለ የነዳጅ ውጤት የሆነው ለዚህ ነው። በሮቤ የጥቅምት ማለዳ ላይ የማሽን ግራሶ ለምን እንደሚደድርና መኪና ለምን እንደሚከብድ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱ እዚሁ አለለት።

ዳዩን ቀየርሁ፤ ሰሙን አስተካከልሁ፤ ኢላማዬም ተመለሰ። ሥራውን አሸነፍሁት ብዬ አሰብሁ። ዋጋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያ ሀገር ሕፃናት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ደማቸው ለእርሳስ ይመረመራል። የልጄ ውጤት በዴሲ ሊትር 6 ማይክሮ ግራም ሆኖ መጣ። በወቅቱ ለክትትል መነሻ የነበረው ልክ 5 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 3.5 ዝቅ ብሏል። ለሕፃን ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን ግን የለም። ቤቱ አዲስ ነበር፤ ቀለሙም እርሳስ አልነበረበትም። ምንጩ እኔ ነበርሁ። በማቅለጫው ላይ የሚሰፍረውን የእርሳስ አመድ እየጠረግሁ፣ በሱሪዬና በጫማዬ ይዤ ወደ ምንጣፉ እገባ ነበር። ልጄ በዚያ ምንጣፍ ላይ ትድህ ነበር።

በእርሳስ መቅለጫ ሙቀት ዋናው አደጋ እንፋሎቱ አይደለም፤ እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። አደጋው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጠረው ደቃቅ አቧራና ከእጅ ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ነው። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ድርሻ ከአዋቂዎች አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የብረትና የካልሲየም እጥረት ደግሞ ያባብሰዋል። በደም ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ሥራውን በዚያው ሳምንት አቆምሁ፤ ምንጣፉን አስወገድሁ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አጸዳሁ። የልጄ ልክ በወራት ውስጥ ወረደ። ያን ጊዜ አያቴ እርሳስ ያቀልጡበት የነበረውን ምድጃ አስታወስሁ፤ እኛ የልጅ ልጆች የምንሞቀው በዚያው ምድጃ ዳር ነበር።

ከዚህ ምን እንውሰድ? መጀመሪያ ግልጽ ላድርግ፤ በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት የተከለከለ ነው፤ ንግግሬም ወደዚያ የሚጋብዝ አይደለም። እርሳሱ ግን በመካከላችን አለ። አሮጌ የመኪና ባትሪ በየሠፈሩ ይሰበራል፤ እርሳሱም ይቀልጣል። የባትሪ እርሳስ አሲድና አርሴኒክን ጨምሮ ሌላ መርዝ ስለሚይዝ ከሁሉም የከፋ ነው። በዱር ያለውም ጉዳይ ይመለከተናል፤ በእርሳስ አረር የተገደለ እንስሳ ሬሳ የሚበሉ ጥንብ አንሳዎች ይመረዛሉ። በካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ታላቅ ጥንብ አንሳ በዚህ ምክንያት ስለተጎዳ፣ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን ተከልክሏል። በሰነቴ አምባ ላይ ጥንብ አንሳና ንስር ለሚያንዣብቡባት ለባሌ፣ የደጋ አጋዘንም በፈቃድ ለሚታደንባት ምድር፣ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

መጭመቂያው በአረሩና በበርሜሉ መካከል ያለውን ወሰን በሚገባ አስተምሮኛል። በጫማዬና በልጄ ምንጣፍ መካከል ያለውን ወሰን ግን አላየሁትም፤ ያንን የሚለካ መሣሪያ በጠረጴዛዬ ላይ አልነበረምና። ከእናንተ መካከል በቤተ ሙከራ የምትሠሩ፣ ከሥራችሁ ጋር ወደ ቤት ምን ይዛችሁ እንደምትገቡ በየምሽቱ ጠይቁ። ከመግባታችሁም በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጫማችሁን ከደጅ ተዉ።