አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማንን «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ስላቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ «ጊዜ የለኝም»፣ «ለጂም የምከፍለው ከየት ይመጣል?» ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ለሁለት ፌርማታ መንገድ ታክሲ ይጠብቃሉ፤ መኪና ያላቸውም ዳቦ ለመግዛት ሞተር ያስነሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳል። ጠዋት 15፣ ማታ 15 ቢያደርጉትም ይቆጠራል። ስንራመድ የእግራችን ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ባታችንም እየተኮማተረ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ይህ ሥራ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ «ወራጅ አለ!» የሚለውን አንድ ፌርማታ ቀደም ብለው ይበሉ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ፍጥነትዎ ልክ ነው። ዳገት ላይ ቀስ ይበሉ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ በግራ ጠርዝ ይሂዱ።

የስኳር ሕመም ካለብዎት የማይጠብ ጫማ ያድርጉ፤ ማታ እግርዎን ይመልከቱ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። ደረትዎን ከጨመደደዎት ወዲያው ቆመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ አስፋልቱ መሀል ሲንሸራሸር አይተናል። ለመራመድ ግን መንገድ የሚዘጋበትን እሁድ መጠበቅ የለብንም። የነገው የሥራ መንገድ ይበቃል።