ከፈተናው እስከ በጀቱ፦ የትምህርት ቦርድ የልጆቻችንን ውጤት እንዴት ይገመግማል?

ልጅዎ በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ የስቴቱን ፈተና ውጤት የያዘ ወረቀት ይደርስዎታል። ወረቀቱ ስለ እርስዎ ልጅ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን እዚያ አያበቃም። ከሌሎች ልጆች ውጤት ጋር ተደምሮ ሮክቪል ለሚሰበሰበው የትምህርት ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ ምን ያደርግበታል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦርዱ ምን እንደሆነ እንለይ። አገር ቤት ልጅ ያስተማረ ሰው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረትን፣ ወተመህን፣ ያውቃል። ወተመህ የአንድ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ለእሱ የሚቀርበው ፒ.ቲ.ኤ. የሚባለው የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ነው። ቦርዱ ከዚህ በጣም ይሰፋል። በካውንቲው ያሉትን ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ ይመራል። ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን የካውንቲው መራጭ ሕዝብ ይመርጣቸዋል። ስምንተኛው ተማሪ ነው፤ የሚመርጡትም የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። ይህ ተማሪ በአብዛኛው ጉዳይ ላይ እንደ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጣል። ስብሰባውን ከተከታተሉ የእሱን ጥያቄዎች አይለፏቸው። ትናንት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የዋለው እሱ ብቻ ነውና።

ቦርዱ ትምህርት ቤቶቹን በየቀኑ አያስተዳድርም። ለዚያ ሱፐርኢንተንደንት ይቀጥራል፤ የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። በሜሪላንድ ሕግ የሱፐርኢንተንደንት የሥራ ዘመን አራት ዓመት ነው፤ ጁላይ 1 ይጀምራል። መምህር የሚመደበው፣ ርእሰ መምህር የሚሾመው በእሱ መሥሪያ ቤት አቅራቢነት ነው። ስለዚህ ቦርዱ የተማሪ ውጤት ሲገመግም ተጠያቂው ልጅዎ አይደለም፤ የልጅዎ መምህርም አይደለም። ተጠያቂው ሱፐርኢንተንደንቱ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ስለማያውቅ የስብሰባው ወሬ ግራ ያጋባዋል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ ኤምካፕ የሚባለው የስቴቱ ፈተና ነው። በ2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈትን ያስገድዳል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይፈተናሉ። ሳይንስም አለ፤ እሱ ግን በየዓመቱ አይደለም። ኤምካፕ ውጤቱን በአራት እርከን ይከፍለዋል። እርከን 3 እና 4 ያገኘ ልጅ የክፍሉን ትምህርት በሚገባ ይዟል ይባላል። 1 እና 2 ያገኘ ገና ይቀረዋል።

“ታዲያ ልጄ ስንተኛ ወጣ?” ይሉ ይሆናል። እዚህ ደረጃ አይወጣም። ወረቀቱ ላይ የልጅዎ ነጥብና እርከን፣ ከጎኑም የትምህርት ቤቱና የስቴቱ አማካይ አለ። ከክፍል አንደኛ ወጣ አልወጣ የሚል ነገር ፈልገው አያገኙም።

ቦርዱ ፊት የሚቀርበው በአብዛኛው መቶኛ ነው። “በዚህ ትምህርት ቤት ከ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ያህሉ እርከን 3 እና ከዚያ በላይ አግኝተዋል” ይባላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ባለፈው ዓመት እርከን 1 ላይ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ለፍቶ እርከን 2 ቢደርስ፣ መቶኛው ንቅንቅ አይልም። ልጁም መምህሩም የደከሙበት ነገር በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ቁጥር ይሠራል። እድገት ይሉታል። አንድን ልጅ ባለፈው ዓመት እንደ እሱ ዓይነት ነጥብ ከነበራቸው ልጆች ጋር አስተያይቶ፣ ዘንድሮ ቀደማቸው ወይስ ወደ ኋላ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ስሌት ነው። እኔን ከጠየቁኝ የአንድን ትምህርት ቤት ሥራ ለማወቅ ይህኛው ይሻላል። የመጀመሪያው ቁጥር ትምህርት ቤቱ ካስተማረው በተጨማሪ ወላጆች ምን ያህል ገቢ እንዳላቸውም አብሮ ይናገራል። ሀብታም ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ምንም ሳይሻሻል ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሕጉ ውጤቱ በቡድን በቡድን ተከፍሎ እንዲታይም ያዛል። በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በአካል ጉዳት ወይም በልዩ ፍላጎት፣ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ በመሆን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አማካይ አምሮ ከሥሩ አንድ ወገን ተጥሎ እንዳይቀር ነው። አንድ ቡድን ከአሥር ልጅ በታች ከሆነ ቁጥሩ አይጻፍም። በቦታው የኮከብ ምልክት ይቀመጣል። ምክንያቱም ሦስት ልጅ ብቻ ካለ የማን ውጤት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የእኛ ልጆች የት ናቸው? “ኢትዮጵያዊ” የሚል መስመር የለም። ወላጅ ቅጹ ላይ በሞላው መሠረት አብዛኞቹ “ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ” በሚለው ውስጥ ይደመራሉ። ገና ከአዲስ አበባ የመጣና ሦስተኛ ትውልድ የሜሪላንድ ልጅ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው “እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ” የሚለው መስመር ነው። እነዚህ ልጆች በብርዱ ወራት ዊዳ በሚባለው ፈተና ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ይፈተናሉ፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ነው። ልጅዎ ይህን ፈተና እየወሰደ ከሆነ የቦርዱን ሰነድ ሲያዩ መጀመሪያ ያንን መስመር ይፈልጉ።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ወደሚያገኙት ኮከብ እንምጣ። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች። ነጥቦች ከመቶ ይሰላሉ። 75 እና ከዚያ በላይ ያገኘ አምስት ኮከብ አለው። ከ60 ጀምሮ አራት፣ ከ45 ጀምሮ ሦስት፣ ከ30 ጀምሮ ሁለት ነው። ሰው ኮከቡ በሙሉ ከፈተና የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ሥርዓቱ ሲጀመር በወጣው ቀመር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈተናው እርከን የያዘው 20 ነጥብ ብቻ ነው። ከመቶው 15ቱ ደግሞ የሚመጡት ልጆች ሳይቀሩ ከመማራቸው ነው።

ይህች 15 ነጥብ ለእኛ ቤት ልዩ ትርጉም አላት። ልጅ ከተመዘገበበት ጊዜ አሥር በመቶውን ከቀረ “አዘውትሮ ቀሪ” ተብሎ ይቆጠራል። የሜሪላንድ የትምህርት ዓመት ቢያንስ 180 ቀን ነው፤ ስለዚህ ገደቡ 18 ቀን ገደማ ነው ማለት ነው። በሐኪም ወረቀት የቀረም፣ በወላጅ ፈቃድ የቀረም፣ ዝም ብሎ የቀረም እኩል ይቆጠራል። “እኔ እኮ ደብዳቤ ጽፌያለሁ” የሚለው እዚህ አይሠራም። ደብዳቤው ልጁን ከቅጣት ያድነዋል እንጂ ከቁጥሩ አያወጣውም።

ገናን ያስቡት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለዲሴምበር 25 እና ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 19። ልጆቹን አገር ቤት ወስዶ ጥምቀትን አክብሮ የሚመለስ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ የትምህርት ቀን ያልፈዋል። ከዚያ ጉንፋን አለ፣ የጥርስ ቀጠሮ አለ፤ ሜይ ላይ 18 ይሞላል። አትሂዱ ማለቴ አይደለም። አያት ማየትም ትምህርት ነው። ግን ቦርዱ ፊት ቁጥሩ ሲቀርብ የጥምቀት ጉዞ የሚል ማስታወሻ የለውም። ጉዞውን ጁን መጨረሻ ላይ ማድረግ የሚችል ቤተሰብ ምንም አይቆጠርበትም።

ስብሰባው ራሱ ምን ይመስላል? የሱፐርኢንተንደንቱ ባልደረቦች ሰንጠረዥና ሥዕላዊ መግለጫ ያሳያሉ። የቦርድ አባላት ይጠይቃሉ። ሰነዱ ከስብሰባው አስቀድሞ በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ስብሰባውን ቤትዎ ሆነው በቪዲዮ ማየት ይችላሉ። የስቴቱ ሕግ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ስለ አንድ ሠራተኛ ሲነጋገሩ በር ዘግተው መምከር ይፈቀድላቸዋል። የሱፐርኢንተንደንቱ የሥራ ግምገማም በዚሁ ምክንያት ብዙውን ጊዜ በዝግ ነው። ስለዚህ ወላጅ የሚያየው ጥያቄውን ነው፤ የመጨረሻውን ተግሣጽ አያይም።

ጥሩ ጥያቄን ከማሳመሪያ ጥያቄ መለየት ይቻላል። “በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ጨምሩበት” የሚለው ምንም አያመጣም። “ባለፈው ዓመት ለንባብ ድጋፍ ገንዘብ ሰጥተናል፤ የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙበት? የእነሱ ውጤት ካልተጠቀሙት በምን ተለየ?” የሚለው ግን ሰውን ወንበሩ ላይ ቀጥ ያደርጋል። አባላትዎን ሲመርጡ የቀድሞ ስብሰባ ቪዲዮ ከፍተው የትኛውን ዓይነት እንደሚጠይቁ ቢያዩ ከበራሪ ወረቀታቸው የበለጠ ያውቋቸዋል።

ውጤቱ ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት ይዘጋል? በፍጹም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማሻሻያ እቅድ ያወጣል። ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጆች ስላሉባቸው የፌዴራል ድጎማ ከሚያገኙት ትምህርት ቤቶች መካከል በስቴቱ የመጨረሻዎቹ አምስት በመቶ ውስጥ የወደቁት ደግሞ ልዩ ድጋፍ እንዲያገኙ ይለያሉ። ጠበቅ ያለ እቅድ፣ ክትትልና ተጨማሪ ገንዘብ ይመጣል።

ድጋፍ ማለት ግን ገንዘብ ነው፤ ቦርዱም የራሱ ገንዘብ የለውም። በሜሪላንድ የትምህርት ቦርድ ግብር መጣል አይችልም። በጀት ያዘጋጃል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ የካውንቲውን ምክር ቤት ውሳኔ ይጠብቃል። በጀቱ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ትልቁን ድርሻ ካውንቲው ይከፍላል፤ ገንዘቡም በዋናነት ከንብረት ግብርና ከገቢ ግብር የሚሰበሰብ ነው። ቤት የለኝም ብለው ነፃ እንዳይመስልዎት፤ አከራይዎ ግብሩን ኪራይዎ ውስጥ አስገብቶታል።

ከዚህ በጀት ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ለደሞዝና ለጥቅማጥቅም ይሄዳል። ስለዚህ “ለንባብ ትኩረት እንስጥ” ሲባል በተግባር “ሰው እንቅጠር” ማለት ነው። የአንድ መምህር ደሞዝ ከጤና ኢንሹራንስና ከጡረታ ጋር ሲደመር በቀላሉ ከመቶ ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ ቦርዱ ሰው ይቀንሳል፣ ወይም አንድ ነገር ይዘጋል። በ2024 እንዲህ ሆነ። በበጀት እጥረት ምክንያት በኢንተርኔት የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በክፍሎች ውስጥም የተማሪ ቁጥር ጨመረ። አንድ መከላከያ አለ፦ የስቴቱ ሕግ ካውንቲው ለአንድ ተማሪ የሚሰጠውን ገንዘብ ካለፈው ዓመት እንዳያሳንስ ይከለክለዋል። ኑሮ ሲወደድ ግን ያው ገንዘብ ያነሰ ይገዛል።

የጊዜ ሰሌዳውን ይያዙት፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ሱፐርኢንተንደንቱ የበጀት ሐሳቡን ዲሴምበር ላይ ያቀርባል። ጃንዋሪ ላይ ቦርዱ ሕዝብን ያዳምጣል። ፌብሩዋሪ ላይ ይወስንና እስከ ማርች 1 ለካውንቲው ይልካል። ምክር ቤቱ ሜይ መጨረሻ ላይ ያጸድቃል፤ ቦርዱ ጁን ላይ የመጨረሻውን ይዘጋል። ሜይ ላይ ሄደው “ለምን የንባብ መምህር የለንም?” ቢሉ በትሕትና ያዳምጡዎታል፤ ነገሩ ግን አልቋል። ጥያቄው የሚጠቅመው ጃንዋሪ ላይ ነው።

ለመናገር አስቀድመው መመዝገብ አለብዎት። የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ። ዜግነት አይጠየቅም። ለምርጫ ነው ዜግነት የሚያስፈልገው። እንግሊዝኛ ከከበደዎት ከትምህርት ቤቱ ጋር ለሚነጋገሩበት ጉዳይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ክፍያ የለውም። በዚህ ካውንቲ አማርኛ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ በተለይ ስለ ራሱ ውጤት ሲሆን።

ጉዳይዎ የቦርዱ ሳይሆን የአንድ ልጅ ከሆነስ? እዚያ መድረክ ላይ አያንሱት፤ ስለ አንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በይፋ እንዲናገሩ አይፈቀድልዎትም። መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ። ካልተፈታ ለሱፐርኢንተንደንቱ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ። በእሱ ውሳኔ ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ቦርድ ይግባኝ ይላሉ፤ በቦርዱ ውሳኔም ካልተስማሙ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ለስቴቱ የትምህርት ቦርድ። ሁለቱም በጽሑፍ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከውሳኔው ነው፤ የላኩትን ቅጂ ያስቀሩ።