ከገርጂ በሞተር ሳይክል፤ ለእሑድ የሚሆኑ ሦስት መንገዶች

ሳምንቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ከመዝገብ ጋራ፣ ወይም በትምህርት ቤት ከደብተር ጋራ ሲታገል የሰነበተ ወጣት፣ እሑድ ሲደርስ ዐይኑ ሜዳና ተራራ ማየት ይሻል። ሩቅ አገር ለመሄድ ግን ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃውም። ሞተር ሳይክል ላለው የገርጂ ሰው ይህ ችግር በግማሽ ቀልሏል። ሰፈሩ ከከተማው በስተምሥራቅ ስለሚገኝ፣ ጥቂት እንደተጓዘ ከሕንፃው መካከል ወጥቶ ከእርሻው ይደርሳል። ትንሽ ሞተር በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለችና ወጪውም ደመወዝ የሚያናጋ አይደለም።

አስቀድሞ ግን ስለ ሕጉ አንድ ቃል እንበል። በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ቅሚያ ስለ በዛ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል። ስለዚህ ባለሞተሩ መንጃ ፈቃዱን፣ ሰሌዳውንና ከተማው የሚጠይቀውን ፈቃድ ማሟላቱን ሳያረጋግጥ አይነሣ።

የመጀመሪያው መንገድ ለግማሽ ቀን የሚበቃ ነው። በመገናኛ አድርጎ ወደ የካ ተራራ ይወጣል። በዚያ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል፤ ጣራው ቢወድቅም ግድግዳው የጥንቱን ጠራቢ ትዕግሥት ይመሰክራል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ቢደክም አያስገርምም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውጣት ይገባል።

ሁለተኛው የሰንዳፋ መንገድ ነው። በሲኤምሲና በአያት አድርጎ ለገጣፎን ያልፋል። ቀጥሎም የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉን የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ያለበት አገር ነው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉና ስንዴው ሲታጨድ ይህን መንገድ የሚያህል ደስታ የለም። ሲመለሱ በካራና በኮተቤ ቢያደርጉት ያልታየ ይታያል። ሆኖም መንገዱ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚያልፍ ስለ ሆነ ከባድ መኪና ይበዛበታል።

ሦስተኛው ቢሾፍቱ ነው። በጃክሮስና በጎሮ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳል፤ ከዚያም የክፍያውን ፈጣን መንገድ ለመኪኖች ትቶ በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ ይይዛል። ጉዞው ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ስለ ሆነች ካፖርቱ ሳይቀር ይከብዳል። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሆች ናቸው። ከአፋፉ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ማየት የሳምንቱን ድካም ያስረሳል።

ከነዚህ አርቆ እስከ ደብረ ሊባኖስ ወይም እስከ ደብረ ብርሃን መሄድ የሚሻ፣ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቅ።

ሞተር ሳይክል እንደ መኪና ግድግዳና ጣራ የለውም፤ የነጂው ግድግዳ ጥንቃቄው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለመቆም አንድ ቤት የሚያህል ቦታ የበቃው፣ በ80 ሲሆን አራት ቤት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከፊቱ በግ ቢሻገር ወይም ሚኒባስ በድንገት ቢቆም ይህን ርቀት ከማን ይበደራል? የራስ ቁር ለነጂውም ለተፈናጣጩም ያስፈልጋል፤ ማሰሪያው ሳይጠብቅ የተደፋ ቁር ግን ካልተደፋ አይቆጠርም። በሐምሌና በነሐሴ አስፋልቱ ስለሚያዳልጥ ሽርሽሩን ለመስከረም ማቆየት ይሻላል። ጀምበር ሳትጠልቅ መመለስም ደንብ ይሁን፤ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት በምሽት አይታይምና።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ሰኞ ጧት በሥራው ገበታ ላይ በደኅና የተገኘ ወጣት፣ እሑዱን በሚገባ አሳልፏል።